አፕላይድ ማቲማቲሻን ምንድን ነው?

የጎረቤታችን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ዲፓርትመንት ስትመደብ ማቲማቲክስ ደረሳት። እናቷ በጣም ከፋቸው። ቡና ጠርተውኝ፣ ቶናው ላይ ስንደርስ «እስቲ አንተ የተማርከው ነው፤ ሒሳብ ተምራ ምን ልትሆንልኝ ነው? አስተማሪ ብቻ?» አሉኝ። ማስተማር የሚናቅ ሙያ አይደለም፤ እንደዚያ አልኳቸው። ግን ጥያቄያቸው ከዚያ የተሻለ መልስ ይገባዋል።

አፕላይድ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ኮርሱ ነው። ኢንጂነሪንግ የተማረ ሁሉ አፕላይድ ዋንን፣ ቱን፣ ስሪን ያውቃቸዋል፤ እንቅልፍ አጥቶባቸዋል። እዚያ የሚሰጠው መሣሪያው ነው፤ ዴሪቬቲቩ፣ ኢንተግራሉ፣ ማትሪክሱ። አፕላይድ ማቲማቲሻን የሚባለው ሰው ሥራ ሌላ ነው። ከሒሳብ ውጭ የተነሳ ጥያቄ ይይዛል። ጥያቄውን በሒሳብ ቋንቋ ይጽፈዋል። ይፈታዋል። ከዚያ መልሱ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ይናገራል። ለእኔ ይህ የመጨረሻው ነው ሙያው። ቁጥር ማውጣትማ ኮምፒዩተርም ያወጣል።

ሐዋሳ ስለሆንን በዓሣ ላሳይ። የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን ስንሠራ ከጓደኞቼ ጋር በየጠዋቱ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ እንወርድ ነበር። ጀልባዎቹ ሲገቡ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ከአጥማጆቹ እየተቀበልን እንለካለን፤ አንዱ በማስመሪያ፣ አንዱ በሚዛን፣ እኔ ደብተር ላይ። እጃችን ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ነበር ክፍል የምንገባው። ጥያቄያችን ቀላል ነበር። ርዝመቱን ብቻ ካወቅን ክብደቱን መናገር እንችላለን?

ልምድ የሌለው ሰው «በአንድ ተኩል ከረዘመ፣ በአንድ ተኩል ይከብዳል» ይላል። አይደለም። ዓሣ ሲያድግ ወደ ጎንም ወደ ላይም ይሰፋል። ስለዚህ ክብደቱ ከርዝመቱ ኪዩብ (ርዝመት × ርዝመት × ርዝመት) ጋር ነው አብሮ የሚሄደው። 20 ሳንቲ ሜትር የሆነው 160 ግራም ቢመዝን፣ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነው 240 ሳይሆን 540 ግራም ገደማ ይሆናል። የሁለቱንም ቁጥር ሎጋሪዝም ስትወስድ ደግሞ ኩርባው ቀጥ ይላል፤ ነጥቦቹ በአንድ መስመር ዙሪያ ይሰለፋሉ። የመስመሩ ስሎፕ፣ ማለትም የመስመሩ ተዳፋትነት፣ 3 አካባቢ ይመጣል።

«አካባቢ» ያልኩት አውቄ ነው። ነጥቦቹ መስመሩ ላይ ቁጭ አይሉም። አንዱ ትንሽ ከፍ፣ አንዱ ትንሽ ዝቅ ይላል። ታዲያ በመካከላቸው ከሚያልፉት ብዙ መስመሮች የትኛውን እንምረጥ? እያንዳንዱ ነጥብ ከመስመሩ የራቀበትን ትለካለህ፣ ያንን ርቀት በራሱ ታባዛለህ፣ ሁሉንም ትደምራለህ። ድምሩ ከሁሉም ያነሰበት መስመር ይመረጣል። በራሱ መባዛቱ ሁለት ነገር ይጠቅማል። ከመስመሩ በላይ ያለውና በታች ያለው ስህተት አይጠፋፉም። ትልቅ ስህተት ደግሞ ከበድ ያለ ቅጣት ያገኛል፤ 1 የሳተው 1 ሲቀጣ፣ 5 የሳተው 25 ይቀጣል።

ዘዴው ሊስት ስኩዌርስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1805 ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሌዠንድር አሳተመው። ጀርመናዊው ጋውስ በ1809 ባወጣው መጽሐፍ «እኔ ከ1795 ጀምሮ ስጠቀምበት ነበር» አለ፤ ሌዠንድር በጣም ተቀየመ። ጋውስ ስሙ የገነነው በሴሬስ ነው። ፒያትሲ የተባለ ጣሊያናዊ በ1801 መጀመሪያ ቀን ይህችን የሰማይ አካል ከፓሌርሞ አያት። ለጥቂት ሳምንታት ተከታተላት፤ ከዚያ ፀሐይ ጋረደቻት። የ24 ዓመቱ ጋውስ በእጅ በነበሩት ጥቂት ልኬቶች መንገዷን አሰላ። በዓመቱ መጨረሻ እሱ ባመለከተው ቦታ አካባቢ ተገኘች። ጥቂት ዳታ፣ ያውም ስህተት ያለበት፣ ግን ሊታመን የሚችል ትንበያ! ዛሬ ዳታ ሳይንስ የምንለው ሥራ ነፍሱ ይኸው ነው።

የሚለየው ብዛቱ ነው። ለዓሣዎቻችን የፈለግነው ሁለት ቁጥር ብቻ ነበር፤ የመስመሩ ስሎፕና የሚነሳበት ቦታ። ዛሬ ጽሑፍ የሚጽፉት ትልልቆቹ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎች የሚፈልጉት በቢሊዮን የሚቆጠር ቁጥር ነው። የዚያን ያህል ቁጥር በአንድ ቀመር ፈትቶ መጨረስ አይቻልም። ስለዚህ እየተጠጉ መሄድ ነው። በጨለማ እዚህ ሐዋሳ ካለው ታቦር ተራራ ወደ ሐይቁ እየወረድክ ነው እንበል። ከፍታው የስህተቱ ድምር ነው፤ ዝቅ ባልክ ቁጥር ስህተቱ ያንሳል። ሐይቁ አይታይህም። ግን እግርህ ሥር መሬቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ይሰማሃል። ወደሚያዘነብልበት አንድ እርምጃ ትሄዳለህ፣ ቆም ብለህ እንደገና ታዳምጣለህ። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኮሺ ይህንን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1847 ጽፎታል፤ ግራዲየንት ዲሰንት ይባላል። እርምጃህ ከረዘመ ሸለቆውን ዘለህ ታልፋለህ። ካጠረ ሳትደርስ ይነጋብሃል። የእርምጃውን ልክ መርጦ፣ መድረሱን ማረጋገጥ የአፕላይድ ማቲማቲሻኑ ጉዳይ ነው። ኦፕቲማይዜሽን (ከሁሉ የተሻለውን መልስ መፈለግ) ወይም ኑሜሪካል አናሊሲስ (በቁጥር እየተጠጉ መፍታት) ያጠኑ ሰዎች ዳታ ሳይንስ ውስጥ ቤተኛ የሆኑት ለዚህ ነው። እንግዳ አልነበሩም።

ወደ እናትየዋ ጥያቄ ልመለስ። መንገዱ ረጅም ነው፤ አልዋሽም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚቀር ሰው በግራጁዌት አሲስታንትነት ይጀምራል። ማስተርሱን ይዞ ሌክቸረር፣ ዶክትሬቱን ይዞ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ከዚያ ፕሮፌሰር። ውጭ አገር ከሆነ ከዶክትሬቱ በኋላ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ዓመት ፖስትዶክ አለ፤ በሌላ ሰው ላብራቶሪ ወይም ቡድን ውስጥ ምርምር ብቻ የሚሠራበት ጊዜ ማለት ነው። ለማስተርስ በአፍሪካ ውስጥም በር አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ኬፕ ታውን አጠገብ የተከፈተው የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም ከየአገሩ ወጣቶችን ይቀበላል፤ ዛሬ ሩዋንዳና ጋና ውስጥም ማዕከል አለው።

እኔን የሚያስደስተኝ ግን ደረጃው ሳይሆን የሥራው ባህርይ ነው። አፕላይድ ማቲማቲሻን ብቻውን ብዙ አይራመድም። ጥያቄው ሌላ ሰው ጋ ነው ያለው። አንድ ዓመት ከሐኪም ጋር ስለ ወረርሽኝ ስርጭት ይጽፋል፣ በሚቀጥለው ከውሃ ባለሙያ ጋር ስለ ሐይቁ ከፍታ። እዚህ ሐዋሳ ጥያቄው ደጃፍ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1976 የተከፈተው የእርሻ ኮሌጅ ነው። ሐይቁ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለውም፤ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፣ ፀሐይ ታተነዋለች። የገባውና የወጣው ሲሰላ ራሱ አንድ ጥሩ ኢኩዌሽን ነው። ልጅቷ እንደ ሐኪሙና እንደ ውሃ ባለሙያው ያሉ ሰዎችን ማዳመጥ ከቻለች ሥራ አታጣም። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በጊዜ ብትጀምርም እመክራታለሁ፤ እኔ ዘግይቼ ነው የጀመርኩት፣ ይቆጨኛል።

ፕሮጀክታችን ላይ አንዲት ዓሣ ነበረች። ነጥቧ ከመስመሩ በጣም ርቆ ወደ ላይ ወጣ። እኔ ተሳስተን ነው የመዘንናት ብዬ ልሰርዛት ነበር። አማካሪያችን «ከመሰረዝህ በፊት ሂድና ጠይቅ» አሉኝ። በማግስቱ አሞራ ገደል ወርጄ ዓሣዋን የሰጡንን አጥማጅ አገኘኋቸው። ደብተሬን አሳየኋቸው፤ ርዝመቷን፣ ክብደቷን፣ ቀኑን። ቁጥሩን አላዩትም። ጎንበስ ብለው ከፊታቸው ከተቆለለው አንዷን ወፍራም ቆሮሶ አነሱ፣ ሆዷን በቢላ ሰነጠቁት። በቢጫ እንቁላል ተሞልቷል። «ወቅቱ ነው» አሉኝ።