«ካቢኔው ወስኗል» ሲባል ምን ማለት ነው? ስለ ሚኒስትሮች ምክር ቤትና ስለ ጽሕፈት ቤቱ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሀዋሳ ውስጥ ማመልከቻ በመጻፍ ነው የምተዳደረው። «ካቢኔ» የሚለውን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እሰማለሁ፤ ስለ አሠራሩ የሚባለው ግን አብዛኛው ስህተት ነው። ሰው በዚህ የተነሳ ሲንከራተት ማየት ያሳዝነኛል።

«ካቢኔው ካጸደቀው ሕግ ሆኗል»

አልሆነም። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የፌዴራሉ ካቢኔ፣ ማለትም የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ መግለጫ ሲወጣ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ተመልከቱ። «ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲመራ ወስኗል» ካለ ገና ረቂቅ አዋጅ ነው፤ ፓርላማው ሊያሻሽለው ይችላል። «በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ሥራ ላይ እንዲውል» ካለ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደንብ ነው። ደንብ የሚያወጣውም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 77 መሠረት ፓርላማው በሰጠው ሥልጣን ልክ ነው።

የገቢ ግብር ማሻሻያው ገና ረቂቅ ሳለ አንዲት መምህርት «ግብሩ አልተቀነሰልኝም» ብላ አቤቱታ ልታስጽፍ መጣች። ከግብር ነፃ የሚሆነውን የወር ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ያሳደገውን አዋጅ ፓርላማው ያጸደቀው በሐምሌ 2017 ነው። አቤቱታውን አልጻፍኩላትም፤ እንድትጠብቅ ነገርኳት።

«ጽሕፈት ቤቱ ታይፕ መምቻ ነው»

በብዙ አገር የካቢኔ ጽሕፈት ቤት አጀንዳ ያዘጋጃል፣ ረቂቁ ከሌላ ሕግ ጋር እንዳይጋጭና የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ሳይመክሩበት እንዳይቀርብ ያጣራል፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ የተወሰነው መፈጸሙን ይከታተላል። ውሳኔው ግን የአባላቱ ነው። እንግሊዝ እስከ 1909 ዓ.ም. ድረስ ለካቢኔ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አልነበራትም፤ ሚኒስትሮቹ ምን እንደተወሰነ በእርግጠኝነት ሳያውቁ የሚበተኑበት ጊዜ ነበር። የካቢኔ ጽሕፈት ቤት ያቋቋመችው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ግድ ሲላት ነው። እኛ ዘንድ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የንጉሡን ትእዛዝ በጽሑፍ የሚያሰፍረው ጸሐፌ ትእዛዙም አብሮ ተሹሟል። በጽሑፍ ያልሰፈረ ውሳኔ ማን ይዞት ይሠራል?

«የክልል ካቢኔ የፌዴራሉ ቅርንጫፍ ነው»

አይደለም። አንቀጽ 50 ለክልሎችም የራሳቸውን አስፈጻሚ ሰጥቷል። «ካቢኔው» ሲሏችሁ መጀመሪያ «የትኛው?» ብላችሁ ጠይቁ።

«እምቢ ካሉኝ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ይግባኝ እላለሁ»

አንድ አባት በይዞታቸው ጉዳይ የተሰጣቸውን ምላሽ አልተቀበሉትም። «ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ብለህ ጻፍልኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ለአዲስ አበባ መሳፈሪያም ይዘው ነበር። «አባባ፣ ጽሕፈት ቤቱ ይግባኝ ሰሚ አይደለም። መሬት የሚያስተዳድረው ደግሞ ክልሉ ነው፤ አንቀጽ 52 እንዲህ ይላል። ቅሬታው ምላሹን ከሰጠዎት ቢሮ የበላይ ይጀምራል፤ ካልሆነ ፍርድ ቤት አለ» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያው ራሱን ቀይረው» አሉ። «ለ» ከሚለው ጀምሬ እንደገና ጻፍኩላቸው።