የሞተርሆም ውሃ ፓምፕ ጫጫታ ምንድን ነው? ከየትስ ይመጣል?

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሁሉም ተኝቷል። አንዱ ተነስቶ ሽንት ቤት ይገባና እጁን ሊታጠብ ቧንቧ ይከፍታል። ድርርርርር! ወለሉ ይነዝራል፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው ብርጭቆ ይንጫጫል፣ አልጋ ላይ ያለው ሰው ትራሱን ጆሮው ላይ ይጭናል። ሞተርሆም ውስጥ፣ ማለትም አልጋና ማብሰያ መታጠቢያም ባለው መኪና ውስጥ ያደረ ሰው ይህን ድምፅ አይረሳውም። ጠዋት ላይ የሚሰጠው ፍርድም ያው ነው፤ «ይሄ ፓምፕ አርጅቷል፣ ይቀየር።»

ቆይ፣ አትቀይሩት። አዲስ ፓምፕ ገዝተው በአሮጌው ቦታ ላይ አስረው ያው ጫጫታ የጠበቃቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ነገሩ አህያውን ትቶ ዳውላውን ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጮኸው ፓምፑ ሳይሆን ፓምፑ የነካው ነገር ነው።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ፓምፑ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ይበቃል። ከመኪናው የውሃ ታንክ ወደ ቧንቧዎቹ ውሃ እንዲገፋ በአብዛኛው ሞተርሆም ላይ የሚገጠመው ዲያፍራም ፓምፕ የሚባለው ነው። በ12 ቮልት ባትሪ ይሠራል። ትንሽ ሞተር አለችው፤ ጫፏ ላይ ዘመም ያለ ሳህን መሰል ነገር አለ፤ ሞተሩ ሲዞር ሳህኑ ወዲያና ወዲህ እየተንገዳገደ የጎማ ሽፋን ይገፋል። ከሽፋኑ ፊት ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ትንንሽ ክፍሎች አሉ። እያንዳንዱ ክፍል በተራው ውሃ ይስባል፣ ይተፋል፣ ይስባል፣ ይተፋል። ስለዚህ ከፓምፑ የሚወጣው ውሃ እኛ እንደሚመስለን ልስልስ ብሎ አይፈስም፤ እንደ ልብ ትርታ እየመታ ነው የሚወጣው፣ ያውም በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ። ጫጫታ የምንለው ነገር መነሻው ይሄ ምት ነው።

ምቱ ደግሞ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ በፓምፑ አካል አድርጎ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ሌላው በውሃው ውስጥ አድርጎ ቱቦውን ተከትሎ ይሄዳል፤ ቱቦው ከግድግዳ ጋር በተነካካበት ሁሉ ይንኳኳል። ሞተሯ ራሷ ወደ አየር የምታወጣው ድምፅ ትንሽ ነው። የነጋሪት መምቻ ዱላ ብቻውን ምን ድምፅ አለው? ፓምፑ ዱላው ነው። ነጋሪቱ ደግሞ መኪናው ነው፤ ስስ የኮምፔንሳቶ ወለል፣ ውስጡ ባዶ የሆነ የመቀመጫ ሳጥን፣ ቀጭን ግድግዳ። ክብደት ለመቀነስ ተብሎ ሁሉም ነገር ስስና ክፍት ሆኖ ስለሚሠራ፣ ፓምፕ ለማስጮኽ ሆን ብለን ብናስብ እንኳን ከዚህ የተሻለ ቦታ አናገኝም።

እንግዲህ ምርመራው። እኔ የምወደው አንድ ፈተና አለ፣ ከብሎን መፍቻ ሌላ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ፓምፑን ከወለሉ ጋር ያሰሩትን ብሎኖች ፍቱ፤ ቱቦዎቹንና ሽቦዎቹን ግን አትንኩ። ሌላ ሰው ቧንቧ ይክፈትላችሁ። ፓምፑ እየሠራ እያለ በእጃችሁ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አየር ላይ ያዙት። ድምፁ ድንገት ከቀነሰ ጥፋቱ የአቀማመጡ ነው። ካልቀነሰ ጥፋቱ ቱቦዎቹ ጋ ሊሆን ይችላል። እጃችሁን በቱቦው ላይ እያስኬዳችሁ ተከተሉት፤ አንድ ቦታ ጠበቅ አድርጋችሁ ስትይዙት ጫጫታው ዝም ካለ፣ የሚንኳኳው እዚያ ጋ ነው። ሁለቱም ካልሆኑ ብቻ ፓምፑን ራሱን ጠርጥሩ። ረጅም ካቻቢቴ ካላችሁ ጫፉን ፓምፑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮአችሁ አጥንት ላይ አድርጋችሁ አዳምጡ። ጤነኛ ፓምፕ እኩል የሆነ ጉርምርምታ አለው። የተበላ ነገር ያለበት ይፈጫል ወይም ያፏጫል።

አቀማመጡ ከሆነ ጥሩ ዜና ነው፣ ምክንያቱም መፍትሔው ርካሽ ነው። ፓምፑ አራት የጎማ እግሮች አሉት። ጎማዎቹ ንዝረቱን እንዲውጡ ነው የተሠሩት፣ የሚውጡት ግን ልቅ ሲሆኑ ነው። እዚህ ጋ የራሴን ስህተት ልናገር፤ መጀመሪያ ጊዜ ፓምፑ ሲንቀጠቀጥ ሳየው «ላልቶ ነው» ብዬ ብሎኖቹን እስከ መጨረሻው ጠረቅኳቸው። ባሰ። ጎማው ተጨፍልቆ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር። ብሎኑ ጎማውን ነክቶ ከመጭመቁ በፊት ነው መቆም ያለበት፤ ፓምፑ በእጅ ሲነካ ትንሽ መወዛወዝ አለበት። ጎማው ከዓመታት ብዛት ደርቆ ከሆነ ደግሞ ይቀየር።

ከዚያ ቀጥሎ ከሥሩ ክብደት ስጡት። ወፍራም ጣውላ ላይ ፓምፑን አስሩት፣ ከጣውላው ሥር ወፈር ያለ ለስላሳ ጎማ ወይም ፎም አድርጉ። ጣውላውን ግን ከወለሉ ጋር በብሎን አትብሱት፤ ብሎኑ ፎሙን አልፎ ወለሉን ከነካ ንዝረቱም በዚያው ብሎን አልፎ ይወርዳል፣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። በሌላ ዘዴ፣ ለምሳሌ በዙሪያው ጠርዝ ሠርቶ ወይም በማጣበቂያ፣ መኪናው ሲሄድ እንዳይንሸራተት ማድረግ ይቻላል። ሌላው የብዙ ሰው ሐሳብ ፓምፑን በብርድ ልብስ ወይም በስፖንጅ መጠቅለል ነው። አይመከርም። ሞተሩ ሲሠራ ይሞቃል፣ ሙቀቱ መውጫ ካጣ ራሱን ያጠፋል ወይም ዕድሜው ያጥራል። የሳጥኑን ግድግዳ ከውስጥ በድምፅ መምጠጫ ፎም መለበጥ ግን ችግር የለውም።

ቱቦው ላይ ስንመጣ፣ ብዙ መኪኖች ከፓምፑ አፍ ጀምሮ ደረቅ የፕላስቲክ ቱቦ ነው የሚዘረጉት። ያ ማለት ንዝረቱን በቀጥታ ወደ መታጠቢያ ቤት የሚወስድ መንገድ ዘርግተናል ማለት ነው። በመግቢያውም በመውጫውም በኩል ግማሽ ሜትር ያህል ለስላሳ ጎማ ማስገባት ለውጡ ይሰማል፤ ቀጥ ብሎ ከሚወጠር ትንሽ ጠምዘዝ ቢል ይሻላል። ጎማው ለመጠጥ ውሃ የሚሆን፣ ግድግዳው ውስጥም በክር የተጠናከረ መሆን አለበት፣ በተለይ በመግቢያው በኩል፤ ተራ ስስ ጎማ ፓምፑ ሲስብ ይጨማደድና ውሃውን ያንቀዋል፣ ከዚያ ሌላ ዓይነት ጩኸት ይጀምራል። ቱቦ ግድግዳ በሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያ ስፖንጅ፣ ወለል ላይ በተኛበት ሁሉ የቱቦ ማልበሻ ፎም። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን ይሠራል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት ጫጫታ። ይሄኛው ድርርር ሳይሆን ትር… ትር… ትር… ትር ነው። ቧንቧውን ትንሽ ብቻ ስትከፍቱ ፓምፑ በሰከንድ ውስጥ ይነሳል፣ ይጠፋል፣ ይነሳል፣ ይጠፋል። ምክንያቱ ፓምፑ ላይ ያለው የግፊት ስዊች ነው። ስዊቹ ቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት ይጠብቃል። በብዙ ፓምፖች ላይ ግፊቱ 55 ፒኤስአይ፣ ማለትም ወደ 3.8 ባር ሲደርስ ያጠፋል፤ ወደ 40 ፒኤስአይ ወይም 2.8 ባር ሲወርድ መልሶ ያበራል። ከዚህ ባነሰ ግፊት የሚሠሩም አሉ። ፓምፑ በደቂቃ 11 ሊትር ያህል መግፋት የሚችል ከሆነና እናንተ ጥርስ ለመፋቅ ቀጭን ክር የምታህል ውሃ ብቻ ከከፈታችሁ፣ ትርፉ ውሃ የሚሄድበት የለም። ውሃ ደግሞ እንደ አየር አይጨመቅም። ስለዚህ ግፊቱ በቅጽበት ጣሪያ ይነካል፣ ስዊቹ ያጠፋል፤ ጥቂት ጠብታ ሲወጣ ደግሞ ወዲያው ይወድቃል፣ ስዊቹ ያበራል። እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ጆሮ ከማድከሙ ሌላ ስዊቹንም ይበላዋል።

የዚህ መድኃኒት አኩሙሌተር የሚባል ትንሽ ጋን ነው። ውስጡ በጎማ ከረጢት ለሁለት ተከፍሏል፤ በአንዱ በኩል አየር፣ በሌላው ውሃ። ውሃ አይጨመቅም፣ አየሩ ግን ይጨመቃል። ፓምፑ ሲገፋ ትርፉ ውሃ ወደ ጋኑ ገብቶ አየሩን ያምቀዋል፣ ቧንቧ ሲከፈት አየሩ ውሃውን መልሶ ይገፋል። በዚህም ፓምፑ ረጅም ጊዜ ሠርቶ ረጅም ጊዜ ያርፋል፤ ያ የልብ ትርታ የሚመስለው ምትም ይለሰልሳል። የሚገጠመው ከፓምፑ መውጫ በኋላ፣ ቱቦው ወደ ውሃ ማሞቂያው ከመገንጠሉ በፊት ነው። ሰው የሚሳሳተው አየሩ ላይ ነው፤ ጋኑን ገጥሞ አየሩን ሳይለካ ይተዋል፣ ከዚያ «አልሠራም» ይላል። ፓምፑን አጥፉ፣ ቧንቧ ከፍታችሁ ግፊቱን አስወጡ፣ ከዚያ በመኪና ጎማ መለኪያ አየሩን ለኩ። ፓምፑ ከሚነሳበት ግፊት ትንሽ ዝቅ ቢል ጥሩ ነው፤ ፓምፑ በ2.8 ባር የሚነሳ ከሆነ 2.6 አካባቢ።

ጋን ለመግጠም ቦታ የሌለው ሰው ፍጥነቱን እንደ ውሃው ፍሰት የሚቀያይር ፓምፕ መግዛት ይችላል። ግን ሁለቱን አንድ ላይ አትግጠሙ፤ ብዙውን ጊዜ እርስ በእርስ ይጣላሉ፣ ጋኑ ግፊቱን ሲያለሰልሰው ፓምፑ ምን ያህል ውሃ እንደተፈለገ ማወቅ ያቅተዋል። ስዊቹ ላይ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን መነካካትም አለ፤ እሱ ላይ እጃችሁን ሰብስቡ። ማጥፊያውን ፓምፑ ሊደርስበት ከሚችለው ግፊት በላይ ካደረጋችሁት ጨርሶ አይጠፋም።

ሦስተኛው ጫጫታ ሰውን የሚያስፈራው ነው። ማንም ቧንቧ አልነካም፣ ሌሊቱ ጸጥ ብሏል፣ በየሃያ ደቂቃው ፓምፑ ለአንድ ሰከንድ ትር ብሎ ያርፋል። ጂን አይደለም። የሆነ ቦታ ግፊት እያመለጠ ነው። ሽንት ቤቱ ሥር፣ የውሃ ማሞቂያው የግፊት ማስተንፈሻ ላይ፣ ውጭ ባለው መታጠቢያ ላይ፣ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ሥር ደረቅ ሶፍት አድርጋችሁ ፈልጉ። የትም እርጥበት ከሌለ ውሃው ወደ ኋላ እየሄደ ሊሆን ይችላል፤ ፓምፑ ውስጥ ውሃ ወደ ታንኩ እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ አለ፣ ትንሽ ቆሻሻ ከያዘው አይገጥምም። ከብርድ ወቅት በኋላ የጀመረ ከሆነ ደግሞ ውሃው ቀዝቅዞ በረዶ ሲሆን መገጣጠሚያ ወይም የፓምፑን ራስ ሰንጥቆ ይሆናል። ይሄኛው በፎም የሚፈታ አይደለም።

ድምፁ በድንገት ከተቀየረ፣ ትናንት ጸጥ ያለው ዛሬ የሚያጓራ ከሆነ፣ መጀመሪያ መግቢያው ላይ ያለችውን ማጣሪያ ክፈቷት። በብዙ ፓምፖች ላይ ግልጽ ክዳን ያላት ትንሽ ወንፊት ናት። አዲስ ታንክ ከሆነ ደግሞ ሲበሳ የተረፈ የፕላስቲክ ፍርፋሪ ሞልቶባት ታገኛላችሁ። ንጹሕ ከሆነች አየር ጠርጥሩ። በመግቢያው በኩል ያለ ቀዳዳ ውሃ አያንጠባጥብም፣ አየር ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ፤ ስለዚህ በዓይን አይገኝም። ቧንቧው እየተፋ፣ ፓምፑም እየተንተባተበ ከሠራ ምልክቱ እሱ ነው። ታንኩ ባዶ ሲሆንም ድምፁ ቀጭንና የማያቋርጥ ይሆናል፣ ይሄን ስንት ሰው እንደ ብልሽት ቆጥሮ ፓምፕ ፈቷል! ድምፁ ወፍሮና ዘግይቶ ካቃሰተ ደግሞ ባትሪውን ወይም ሽቦውን እዩ፤ ፓምፑ እየሠራ እያለ ራሱ ፓምፑ ጋ ቮልቱን ለኩ። ቧንቧ በኃይል ስትዘጉ አንዴ ብቻ ድው የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሚሮጥ ውሃ ድንገት ሲቆም ቱቦውን የሚመታው ነው፣ አኩሙሌተሩ እሱንም ያለዝበዋል።

ወደ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓቱ ሰው እንመለስ። አኩሙሌተር ያለው ሰው ከመተኛቱ በፊት ፓምፑ ሠርቶ ራሱን እስኪያጠፋ ይጠብቅና ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ ያጠፋል። አንድ ሊትር የምትይዝ ጋን በአየሩ ግፊት ብቻ ሩብ ሊትር ያህል ውሃ ትሰጣለች። እጅ ለመታጠብ ይበቃል፣ ፓምፑም አይነሳም።