ኮዱን መሣሪያ ሲጽፈው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ኮድ ከጻፈ የፕሮግራመር ሙያ አለቀለት»

እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ድሮም ነበር። የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1957 ፎርትራን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ሲያወጣ፣ ኮምፓይለር (ሰው የጻፈውን ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚቀይር ፕሮግራም) የሚያመነጨው ኮድ በእጅ ከተጻፈው እኩል ይፈጥናል ብለው ያላመኑ ፕሮግራመሮች ብዙ ነበሩ። ፈጠነ። ፕሮግራመሩም ሥራ አልፈታም፤ ከማሽን ትእዛዝ ተላቆ ስለ ችግሩ ማሰብ ጀመረ። ንጽጽሩ ግን እስከ መጨረሻው አያስኬድም። ኮምፓይለር ሥራው የጻፋችሁትን በታማኝነት መተርጎም ነው። ኤአይን ግን አንዱን ጥያቄ ሁለቴ ብትጠይቁት ሁለት የተለያየ ኮድ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ የወጣውን ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው የግድ ነው።

«ኮዱ ከሠራ ልክ ነው»

ጃቫስክሪፕት በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጃንዋሪ 30ን አስባችሁ ዓመት 2024፣ ወር 1፣ ቀን 30 ብላችሁ ስጡት። ወር የሚቆጠረው ከዜሮ ስለሆነ 1 ማለት ፌብሩዋሪ ነው። ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 የለውም። ስህተት ነው ይላችኋል? አይልም። ዝም ብሎ ማርች 1ን ይሰጣችኋል። መሣሪያው የጻፈውን ሳያነብ ያሳለፈ ሰው ይህን የሚያውቀው ደንበኛው ሲደውልለት ነው።

«ሁሌም ያፈጥናል»

ሚተር የተባለ የምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሙከራ፣ 16 ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮች በደንብ በሚያውቁት ፕሮጀክት ላይ በኤአይ ሲሠሩ 19 በመቶ ያህል ዘገዩ። እነሱ ግን 20 በመቶ የፈጠኑ መስሏቸው ነበር። የፕሮግራም ቋንቋውን ገና ለሚጀምር ሰው ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል።

«የሥራው ደስታ ተወሰደ»

እንዲህ የሚሉት ሙያውን ከልባቸው የሚወዱ ናቸው፤ ስሜታቸው ይገባኛል። ግን ደስታው የቱ ጋ ነበር? ያንኑ የምዝገባ ቅጽ ለመቶኛ ጊዜ መጻፍ ላይ አልነበረም። እሱን ለመሣሪያው ደስ ብሎኝ ለቅቄያለሁ።

አንዴ ግን ሦስት ቀን ያስቸገረኝን ባግ (የኮድ ስህተት) ለኤአይ ሰጠሁት። በደቂቃ ፈታው። ፕሮግራሙ ሠራ፤ እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ያው ችግር ሌላ ፋይል ውስጥ ብቅ ሲል፣ ከየት እንደምጀምር እንኳ ጠፋኝ። ኤአዩን ዘግቼ ኮዱን መስመር በመስመር ተከተልኩት። ማታ ላይ አገኘሁት፦ ረድፎቹን አንድ በአንድ የሚያልፈው ሉፕ (ተደጋጋሚ ትእዛዝ) የመጨረሻዋን ረድፍ ይዘል ነበር። «አገኘሁሽ!» ብዬ ከወንበሬ ተነሳሁ።

ከዚያ ወዲህ ባግ ሲገጥመኝ መጀመሪያ አንድ ሰዓት ለብቻዬ እፈልጋለሁ።