ተርሚናል ብሎክና ኮኔክተር፦ ምንነታቸውና አመራረጣቸው

ተርሚናል ብሎክ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ሳይበየዱ ጫፋቸው ታስሮ የሚገናኙበት ዕቃ ነው። ውስጡ መዳብ ወይም ነሐስ፣ ላዩ ፕላስቲክ ነው፤ ሙቀት በሚበዛበት ቦታ፣ ለምሳሌ ምድጃ ውስጥ፣ ሽፋኑ ሴራሚክ ይሆናል። ኮኔክተር ሰፋ ያለ ስም ሲሆን፣ በተለይ ወንዴና ሴቴ ሆነው የሚሰኩትንና የሚነቀሉትን ይመለከታል። ሁለቱም ትንንሽ ዕቃዎች ናቸው። ሆኖም አንድ መስመር ሲግልና ሲቀልጥ ችግሩ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ሽቦው መሐል ላይ ሳይሆን መጋጠሚያው ላይ ነው።

ምክንያቱ በቁጥር ይታያል። መጋጠሚያ ላይ የሚፈጠረውን ሙቀት በዋት ለማወቅ ከረንቱን በራሱ አባዝቶ፣ ውጤቱን በመጋጠሚያው ሬዚስታንስ፣ ማለትም ከረንቱን በሚገታበት መጠን በኦም፣ ማባዛት ነው። በደንብ በጠበቀና 1 ሚሊኦም (የኦም አንድ ሺኛ) ሬዚስታንስ ባለው መጋጠሚያ 16 አምፔር ሲያልፍ የሚወጣው 0.26 ዋት ገደማ ነው፤ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ያው መጋጠሚያ ላልቶ ሬዚስታንሱ 0.1 ኦም ቢደርስ ግን 25.6 ዋት ይሆናል። የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች ሊድ የሚያቀልጡበት ትንሽ ካውያ የሚያወጣው ይህን ያህል ነው፤ እዚህ ግን ሙቀቱ የጣት ጫፍ በምታህል ፕላስቲክ ውስጥ ይታፈናል። ብሬከሩም አይወርድም፤ የሚያልፈው ከረንት ከተፈቀደው አልበለጠማ። ስለዚህ ተርሚናል ሲመረጥ ዋናው ጥያቄ ሽቦውን ለዓመታት ሳይላላ ምን ይዞት ይቆያል የሚለው ነው።

የቆየው መልስ ብሎን ነው። በርካሹ ዓይነት የብሎኑ ጫፍ በቀጥታ ሽቦው ላይ ያርፋል። ሽቦው አንድ ወጥ ከሆነ ይሠራል። ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ከሆነ ግን የሚዞረው ብሎን ክሮቹን ይቆርጣል፣ ወደ ጎንም ይበትናቸዋል፤ ከውጭ የታሰረ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ከረንቱን የሚሸከሙት የቀሩት ጥቂት ክሮች ብቻ ናቸው። ሻል ያለው ዓይነት በብሎኑና በሽቦው መካከል የብረት ሳህን ወይም ከታች ወደ ላይ የሚነሳ መያዣ አለው። ለባለብዙ ክር ሽቦ ትክክለኛው ዘዴ ጫፉን ፌሩል የሚባለውን የመዳብ እጀታ አልብሶ በራሱ መጭመቂያ ፒንሳ መጭመቅ ነው። ብዙዎች በፌሩል ፈንታ ጫፉን ሊድ ያጠጡታል። ይህ ጥንካሬ የሚጨምር ቢመስልም ጉዳት አለው፦ ሊድ ለስላሳ ስለሆነ በብሎኑ ግፊት ቀስ በቀስ ይሸሻል፣ ከወራት በኋላም ብሎኑ ሳይነካ ይላላል። ማጥበቂያውም በልክ ነው፤ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው ብሎን 0.5 ኒውተን ሜትር (የማዞሪያ ጉልበት መለኪያ) ያህል ይበቃል።

ሁለተኛው መልስ ስፕሪንግ ነው። የጀርመኑ ኩባንያ ዋጎ በ1977 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለስፕሪንግ መያዣ በካቻቪቴ ተከፍቶ ሽቦው ከገባ በኋላ ራሱ ይዘጋል። ጥቅሙ መዳቡ በሙቀት ሲያብጥና ሲሟሽሽ ስፕሪንጉ አብሮ መከተሉ ነው። ንዝረት ባለበት፣ ለምሳሌ ሞተር ላይና ባቡር ውስጥ፣ እኔ ያለ ማመንታት ይህን እመርጣለሁ። ተገፍቶ ብቻ የሚገባበት ዓይነት ደግሞ ሥራ ያፋጥናል፤ ነገር ግን አንድ ወጥ ሽቦ ወይም ፌሩል የለበሰ ጫፍ ይፈልጋል፣ ልቅ ክር ሲገፋ ይታጠፋል። ፌሩል ከሌለ ምላስ መሰል መክፈቻ ያላቸው ይሻላሉ።

በፓኔል፣ ማለትም በኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ሣጥን፣ ውስጥ ተርሚናሎች የሚደረደሩት 35 ሚሊሜትር ስፋት ባለው የብረት ሐዲድ ላይ ነው። አረንጓዴና ቢጫ የሆነው ለመሬት መስመር ነው፤ እርሱ ራሱ ሐዲዱን በብረቱ ስለሚነካ ለሌላ መስመር ፈጽሞ አይውልም። ሰማያዊው ለኒውትራል፣ ግራጫው ለቀረው ይሆናል። ብዙዎቹ በአንድ ጎናቸው ክፍት ስለሆኑ የመጨረሻው የራሱ መዝጊያ ሳህን ያስፈልገዋል፤ እርሱ ከተረሳ ኤሌክትሪክ ያለበት ብረት ገላጣ ይቀራል።

መጠን ሲመረጥ መነሻው ሽቦው ነው። አይኢሲ 60947-7-1 በሚባለው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ደረጃ ለ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ተርሚናል 24 አምፔር፣ ለ4 ካሬ 32፣ ለ6 ካሬ 41፣ ለ10 ካሬ 57 አምፔር ይያዛል። ይህ የተርሚናሉ አቅም እንጂ የሽቦው አይደለም፤ በቱቦ ውስጥ ከሌሎች ጋር ታጭቆ የሚሄድ ሽቦ ከዚያ ያነሰ ሊሸከም ይችላል። ለሰርኪዩት ቦርድ የሚሆኑት ላይ ደግሞ በእግሮቹ መካከል ያለውን ርቀት መለካት ነው። 5.00 እና 5.08 ሚሊሜትር ለባለሁለት እግር ልዩነታቸው አይታወቅም፤ ባለ12 እግር ላይ ግን 0.88 ሚሊሜትር ደርሶ ከቀዳዳው ጋር አልገጥም ይላል።

አሉሚኒየም ሽቦ ለብቻው የሚታይ ነው። አየር ሲነካው ወዲያው ከረንት የማያሳልፍ ቆዳ ያወጣል፣ በግፊት ይሸሻል፣ ከመዳብ ጋር በእርጥበት ሲገናኝ ይበላል። ስለዚህ ለሁለቱም የተፈቀደ መሆኑ የተጻፈበት ተርሚናል ብቻ ይፈለጋል፤ ሽቦው ተፍቆ ቅባት ከተቀባ በኋላ ይታሰራል።

ሽቦ ሲላጥ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ዕቃው ላይ ተጽፏል። ቢያጥር መያዣው ፕላስቲኩን ይነክሳል፣ ቢረዝም መዳቡ ውጭ ይቀራል። ከታሰረ በኋላ እያንዳንዱን ሽቦ ለየብቻ ጎተት ማድረግ ጥቂት ሰከንድ ነው የሚወስደው፤ የማይያዘው ያኔውኑ ይወጣል።

ተነቃይ ኮኔክተር ላይ ኃይል የሚመጣበት ጎን ሁልጊዜ ሴቴው መሆን አለበት፤ ወንዴው ከሆነ ሲነቀል ሹሉ ብረት ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይጋለጣል። የሶላር መስመር ላይ ጥንቃቄው ይበልጣል። በ50 ኸርዝ ኦልተርኔቲንግ ከረንት መስመር ላይ ከረንቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ስለሚነካ ብልጭታው የመጥፋት ዕድል አለው፤ የሶላር ዳይሬክት ከረንት ግን ዜሮ አይነካም፣ ብልጭታው እየተሳበ ይነድዳል። ስለዚህ የሶላር ኮኔክተር ከመነቀሉ በፊት ጭነቱ በማብሪያ ማጥፊያው ይቋረጣል፤ የተለያየ አምራች ወንዴና ሴቴም፣ ቢገጥሙ እንኳ፣ አብረው አይሰኩም።