«ለደንቡ ያህል ነው፣ ፈርምልኝ»፦ ዋስትና ምንድን ነው?

ጎንደር ውስጥ «ዋስ ሁነኝ» ሲባል እምቢ ማለት ከባድ ነው። ጠያቂው አበልጅ ነው፣ የማኅበር ጓደኛ ነው፣ ወይም በአንድ ግቢ አብሮ ያደገ ሰው ነው። ወረቀቱም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በጥድፊያ ነው፤ «ለደንቡ ያህል ነው» ይባልና ፊርማው ይቀመጣል። እኔን የሚያስቆጨኝ ይህች አባባል ናት፤ ዋስትና ለደንቡ ያህል የሚፈረምበት ጊዜ የለም።

ዋስትና ማለት ባለዕዳው ግዴታውን ሳይፈጽም ቢቀር እኔ እፈጽማለሁ ብሎ ለአበዳሪው ቃል መግባት ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ውል የምትገቡት ከወዳጃችሁ ጋር ሳይሆን ከአበዳሪው ጋር ነው። ወዳጃችሁ «አላሳፍርህም» ብሎ የማለላችሁ መሐላ አበዳሪውን አያስረውም።

አገራችን ዋስን ቀልድ አድርጋ አታውቅም። በቀድሞው ሙግት ዋስ መጥራት ያልቻለ ሰው ከባላጋራው ጋር በሰንሰለት ይቆራኝ ነበር። «በዓይነ ቁራኛ» የምንለው አነጋገር የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። ዛሬ ሰንሰለቱ ቀርቷል፤ በፍርድ አፈጻጸም የሚያዘው የዋሱ ደመወዝና ንብረት ነው።

በምሳሌ እንየው። አንድ የአዘዞ ልጅ ባጃጅ ለመግዛት 200,000 ብር ተበደረ፣ እናንተም ዋስ ሆናችሁ እንበል። 60,000 ብር ከፍሎ አቋረጠ። አበዳሪው ቀሪውን 140,000 ብር ከነወለዱ ከማን ይጠይቃል? መልሱ ያለው ስትፈርሙ ሳታነቡት ባለፋችሁት መስመር ውስጥ ነው። ተራ ዋስ ከሆናችሁ፣ ገና መጀመሪያ ስትከሰሱ «አስቀድሞ የባለዕዳው ንብረት ይታይ» ብላችሁ መከራከርና ንብረቱን ማመልከት ትችላላችሁ። ባጃጁ በመንገድ ላይ እየሠራ ከሆነ ይህ ትልቅ መከላከያ ነው። ነገር ግን ወረቀቱ «በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ነኝ» የሚል ከሆነ፣ አበዳሪው ባለዕዳውን ሳይነካ በቀጥታ እናንተን መክሰስ ይችላል። አብዛኛው ሰው የሚፈርምበት የታተመ ቅጽ ይህን ሐረግ የያዘ ነው። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ማንበብ ቢሰለቻችሁ እንኳ ይህን ፈልጉ።

ሕጉ ግን ዋሱን ያለ ጋሻ አልተወውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የዋስትና ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። በቁጥር 1922 ደግሞ ዋስትና በግልጽ ካልተገባ በግምት አይቆምም ይላል፤ ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተገለጸም ውሉ ዋጋ የለውም። «ለሚመጣው ዕዳ ሁሉ ዋስ ነኝ» የሚል ባዶ ወረቀት የሚያስፈራውን ያህል ጽኑ አይደለም ማለት ነው። ሆኖም ገንዘቡ የሚጻፍበትን ቦታ ክፍት ትታችሁ አትፈርሙ፤ ከፊርማችሁ በኋላ ማን ምን እንደሞላበት ማስረዳት የራሳችሁ ጣጣ ይሆናል።

ለታሰረ ሰው ዋስ መሆን ሌላ ነገር ነው። በዚያ የምትገቡት ተከሳሹ በቀጠሮው ቀን እንደሚቀርብ ነው፤ ከቀረ የተወሰነውን ገንዘብ ትከፍላላችሁ። ጥፋተኛ ሆኖ መገኘቱ ብቻውን ግን እናንተን አያስከፍልም።

ተገድዳችሁ የባለዕዳውን ዕዳ ከከፈላችሁ ነገሩ እዚያ አያበቃም። የከፈለ ዋስ በአበዳሪው እግር ተተክቶ ገንዘቡን ከባለዕዳው የመጠየቅ መብት አለው፤ ለብድሩ መያዣ ከነበረም ወደ እርሱ ይተላለፋል። ሰዎች ይህን መብት የሚያጡት በይሉኝታ ነው፤ ደረሰኝ አይቀበሉም፣ ወይም ለባለዕዳው ሳይነግሩ ከፍለው እርሱም ሳያውቅ በድጋሚ ይከፍላል። ከመክፈላችሁ በፊት ለባለዕዳው በጽሑፍ አስታውቁ፤ ስትከፍሉም በስማችሁ የተቆረጠ ደረሰኝና የብድር ውሉን ቅጂ ተቀበሉ።