የታዳሽ ኃይልና የካርቦን ቅነሳ ፖሊሲ በጣና ዙሪያ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) ይፋ ያደረገችው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ በ2030 የሚለቀቀው የሙቀት አማቂ ጋዝ በ2010 ከነበረው 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ እንዳያልፍ ያለመ ነበር፤ በነባሩ አካሄድ ከቀጠለ ግን ወደ 400 ሚሊዮን ቶን እንደሚደርስ ተገምቷል። በ2021 በተሻሻለው የፓሪስ ስምምነት ዕቅድ የቅነሳው ግብ 68.8 በመቶ ሲሆን፣ ያለ ውጭ ድጋፍ ይፈጸማል የተባለው 14 በመቶ ብቻ ነው።

ከኤሌክትሪክ ማመንጨት የሚቀነስ ካርቦን እምብዛም የለም፤ የሀገሪቱ መብራት ቀድሞውንም ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚገኝ ነውና። ለዚህ የባሕር ዳር አካባቢ ጥሩ ማሳያ ነው። ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው ጢስ ዓባይ በ1964 አነስተኛ ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ በ2001 ሁለተኛው ተጨመረ። በ2010 የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ደግሞ የሐይቁን ውኃ 12 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ያሻግረዋል።

ንጹሕ የሚባለው ኃይል ምንም ዋጋ እንደማያስከፍል ተደርጎ መነገሩ ግን ልክ አይደለም። ሐይቁ ከዓባይ መውጫ ላይ ባለው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ከተያዘ ወዲህ ውኃው የሚለቀቀው በበር ነው፤ በ2003 ድርቁ ለማመንጫ ከሚወጣው ውኃ ጋር ተደምሮ የሐይቁን ከፍታ ክፉኛ ስላወረደው መርከቦች ለወራት ሥራ አቁመዋል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴም በበጋ ቀጭን ሆኖ የሚታየው በአብዛኛው ውኃው ወደ ተርባይን በመጠለፉ ነው። ጣና በ2015 በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭነት (ተፈጥሮን መጠበቅና የሰው ኑሮ አብረው እንዲሄዱ የታሰበ ቦታ ሆኖ) መመዝገቡ እነዚህን ፍላጎቶች በአንድ ላይ ለማየት ዕድል ሰጥቷል።

ዋናው የካርቦን ምንጭ ያለው ከእርሻው፣ ከከብቱና ከደኑ ነው፤ በስትራቴጂው ስሌት መሠረት ከልቀቱ 85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከግብርናና ከደን ዘርፍ ይመጣል። በዚህ ረገድ ከግድቡ ይልቅ ማዕድ ቤቱ ይበልጣል። በባሕር ዳር የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላት እማወራ እንኳ ሊጥ አቡክታ ከጨረሰች በኋላ መብራት ቢጠፋባት ወደ እንጨት መመለሷ የማይቀር በመሆኑ፣ በጓሮ የተከመረው ባሕር ዛፍ ገና ቦታውን አልለቀቀም። ወጥና ቡና ደግሞ በብዙ ቤት አሁንም በከሰል ይሠራሉ። መንግሥት ምርጥ የተባለውን የእንጀራ ምድጃና ላቀች የተባለውን የከሰል ምድጃ ሲያስፋፋ ቆይቷል፤ ከብት ላላቸው ገበሬዎችም ከእበት የሚገኝ ጋዝ ለማገዶ የሚሆንበት የባዮጋዝ ፕሮግራም አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች ተጀምሯል። እነዚህ ሥራዎች ከግድብ ምረቃ ያነሰ ዜና ቢያስገኙም፣ ለደኑ የሚሰጡት እፎይታ ቀጥተኛ ነው።

በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ፣ መብራት ግን በራስ ወንዝ ስለሚገኝ እርምጃው ከካርቦን ባሻገር የኪስ ምክንያትም አለው። ይሁንና የኤሌክትሪክ መኪናውን የሚሞላው የሰፈር ትራንስፎርመር ያንኑ ምጣድ የሚያሰማው በመሆኑ፣ ከማመንጫው ይልቅ የማከፋፈያ መስመሩ ጥገና ነው ቅድሚያ የሚሻው።