ሚኪ ሌላንድ ከፉኝዶ በፊት፦ ስለ ሂውስተኑ እንደራሴ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ አበባ ካርታ ላይ በሚኪ ሌላንድ ስም የተሰየመ መንገድ አለ። ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ «ሚኪ ሌላንድ ጋ ወራጅ አለ» ብትሉ ግን ረዳቱ ዞር ብሎ ያያችኋል እንጂ አያወርዳችሁም፤ ከተማችን መንገዷን በሰፈርና በማዞሪያ እንጂ በሰው ስም አታውቀውም። ቴክሳስ፣ ሂውስተን የሚያርፍ ሐበሻም ኤርፖርቱ ላይ ይህንኑ ስም አንብቦ ሻንጣውን እየጎተተ ያልፋል። ሰውየውን የሚያስታውሱት ደግሞ አብዛኞቹ የሚያስታውሱት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በደርግ ዘመን ጋምቤላ ውስጥ ወዳለው የፉኝዶ የስደተኞች ካምፕ ሲበር አውሮፕላኑ ተከስክሶ የሞተ አሜሪካዊ ባለሥልጣን።

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። በተለይ ቴክሳስ ውስጥ በስቴት ምክር ቤት ያሳለፋቸው ስድስት ዓመታት ጭራሽ አይነሱም። ስለ እሱ ከወዳጅ ዘመድ የምሰማቸውን የተጣመሙ ነገሮች አንድ በአንድ ላቅና። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፤ በኛ ሲሆን እናገራለሁ።

«ሴናተር ሚኪ ሌላንድ»

ሴናተር ሆኖ አያውቅም፤ በቴክሳስ ዋና ከተማ በኦስቲንም፣ በዋሽንግተንም። እኛ ዘንድ ከአሜሪካ የመጣ ፖለቲከኛ ሁሉ ሴናተር ነው። ሌላንድ በ1972 ተመርጦ ከ1973 መጀመሪያ ጀምሮ የቴክሳስ ስቴት የተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆነ፤ ሂውስተንን ወክሎ ለሦስት ተከታታይ የሥራ ዘመን ተቀመጠ። ከ1979 እስከሞተበት ቀን ደግሞ በዋሽንግተን የአሜሪካ ኮንግረስ የታችኛው ምክር ቤት አባል ነበር። ለኛ ለመግባባት፣ የመጀመሪያው እንደ ክልል ምክር ቤት፣ ሁለተኛው እንደ ፌዴራሉ ፓርላማ ነው።

«የስቴት ምክር ቤት አባል መሆን የደላው ሥራ ነው»

ቴክሳስ ላይ እንኳን ሊደላ፣ ሥራ ተብሎ ለመጠራትም ይቸግራል። ምክር ቤቱ መደበኛ ጉባኤውን የሚያደርገው በሁለት ዓመት አንዴ፣ ጎደሎ ቁጥር ባላቸው ዓመታት፣ ቢበዛ ለ140 ቀን ነው። ሌላንድ ሲገባ የአንድ አባል ደሞዝ በወር 400 ዶላር ነበር። በ1975 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ 600 ሆነ፤ ዛሬም 600 ነው። በጉባኤው ቀናት የውሎ አበል አለ፤ እሱም ቢሆን ሀብታም አያደርግም። ስለዚህ አባላቱ ጠበቃ፣ ከብት አርቢ፣ ነጋዴ ናቸው፤ የሕግ ማውጣቱን ነገር ከዋናው እንጀራቸው ጎን ለጎን ያስኬዱታል። ከሂውስተን የተመረጠ ሰው በጉባኤ ሰሞን 260 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ኦስቲን ይከርማል፣ ጉባኤው ሲያልቅ ሰፈሩ ይመለሳል። በሁለት ዓመቱ ደግሞ እንደገና «ምረጡኝ» ማለት አለ።

«ያው ጠበቃ ነበር»

አልነበረም። ፋርማሲስት ነበር። ይህቺን ነገር ሳይይዙ ሰውየውን መረዳት አይቻልም ባይ ነኝ።

የተወለደው በኅዳር 1944 ሉቦክ በምትባል የምዕራብ ቴክሳስ ከተማ ነው፤ ሂውስተን የገባው ገና በልጅነቱ ነው። አባትና እናቱ ተለያይተው እሱንና ወንድሙን ያሳደገቻቸው እናታቸው ናት። ሴትዮዋ እየሠራች፣ እየተማረች፣ በኋላም አስተማሪ ሆነች። ያደገበት ፊፍዝ ዋርድ የተባለው የድሃ ጥቁሮች ሰፈር ነበር። እዚያው ፊሊስ ዊትሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማረ፤ በ1970 ከቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ በፋርማሲ ተመርቆ ለአጭር ጊዜ እዚያው አስተማረ። በዚያው ሰሞን ነበር ከጓደኞቹ ጋር የድሃ ሰፈሮችን በር እያንኳኳ የት ሄደው በነፃ መታከም እንደሚችሉ የሚነግራቸው፤ የመጀመሪያ ምርመራም ያደርጉላቸው ነበር። ዛሬ በኛ አገር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንደሚያደርጉት ማለት ነው።

እስኪ የመድኃኒት ቤቱን ባንኮኒ አስቡት። አንዲት እናት የሐኪም ማዘዣ ይዛ ትመጣለች። ወረቀቱ ላይ ያለው የአንድ ኩባንያ የንግድ ስም ነው። ከጀርባ መደርደሪያው ላይ ያው መድኃኒት፣ ያው መጠን፣ በሌላ ስምና በረከሰ ዋጋ ተቀምጧል። ፓናዶልና ፓራሲታሞል በሉት። በዚያን ዘመን በብዙ የአሜሪካ ስቴቶች ፋርማሲስቱ እጁን ዘርግቶ ያንን ርካሹን እንዳይሰጣት ሕግ ይከለክለው ነበር፤ የተጻፈው ካልተሰጠ ጥፋተኛው እሱ ነው። ሴትዮዋ ቦርሳዋን ትፈትሻለች፣ ግማሹን ትገዛለች፣ ወይም ትታው ትሄዳለች።

ፋርማሲ የተማረ ሰው ምክር ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያሳክከው ይህ ቢሆን ምን ይገርማል? ሌላንድ ኦስቲን ላይ ስሙ የተነሳው አቅም የሌላቸው ሰዎች ጄኔሪኩን፣ ማለትም ርካሹን መድኃኒት፣ እንዲያገኙ የሚፈቅደውን ሕግ በመግፋት ነው። ንግግር አሳምረው ጭብጨባ ከሚያተርፉበት ጉዳይ ውስጥ የሚመደብ አይደለም፤ ውጤቱ ግን ባንኮኒው ላይ በሳንቲም የሚቆጠር ነው።

«በዚያ ሁሉ ጥቁር መራጭ መመረጥ ቀላል ነበር»

መራጩማ ነበረ፤ አከላለሉ ነው ድምፁን ሲበላ የኖረው። ለምሳሌ የአዲስ አበባ 23 የፓርላማ ወንበሮች በየምርጫ ክልሉ መሆናቸው ቀርቶ ከተማው በሙሉ ለሃያ ሦስቱም ድምፅ ይስጥ ቢባል፣ በቁጥር የሚበልጠው ወገን ሁሉንም ጠቅልሎ ይወስዳል፤ አናሳው በሰፈሩ ምንም ያህል ቢበዛ አንድም ሰው አያስገባም። ሂውስተን ያለችበት ሃሪስ ካውንቲም (ካውንቲ ከስቴት በታች ያለ አስተዳደር ነው) እንዲሁ ነበር። ባርባራ ጆርዳን፣ እሷም የፊፍዝ ዋርድ ልጅና የዊትሊ ተማሪ፣ በ1962 እና በ1964 ለተወካዮች ምክር ቤት ተወዳድራ ሁለቴም የተሸነፈችው የካውንቲው መራጭ በሙሉ ድምፅ በሚሰጥበት ውድድር ነው። ክልሉ እንደገና ሲከለል በ1966 ለስቴቱ ሴኔት አለፈች፤ ከ1883 ወዲህ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴናተር። ሰዎቹ ያው፣ ሴትዮዋም ያቺው፤ የተቀየረው በካርታው ላይ ያለው መስመር ነው።

ለተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ በ1972ቱ ምርጫ ሃሪስ ካውንቲ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ወደሚመርጡ ክልሎች ተከፋፈለ። ሌላንድ ከ88ኛው ክልል አለፈ። አብረውት የገቡት ክሬግ ዋሽንግተን፣ አንተኒ ሆል፣ ሰንፍሮኒያ ቶምሰን እና ቤን ሬየስ ናቸው፤ ሌላንድን ጨምሮ አራቱ ጥቁሮች፣ ሬየስ ሜክሲኮ አሜሪካዊ። ሰው አምስቱን አንድ ላይ «የሕዝቡ አምስት» ብሎ ጠራቸው።

«ዳሺኪ ለባሽ አብዮተኛ ነበር፣ ሌላ ምንም»

ዳሺኪውስ፣ ያ ሰፊና ባለ ጥለት የምዕራብ አፍሪካ ሸሚዝ፣ እውነት ነው። ቡትስና የካውቦይ ባርኔጣ በሞላበት አዳራሽ ውስጥ አፍሮውን አጎፍሮ፣ ዳሺኪ ለብሶ፣ የቆዳ ቦርሳ በትከሻው አንጠልጥሎ ነበር የገባው። ከዚያም በፊት ፖሊስ በጥቁሮች ላይ ያደርስ የነበረውን በደል ተቃውሞ ሰልፍ ወጥቶ ታስሯል።

ነገር ግን ሒሳቡን አስሉት። ምክር ቤቱ 150 ወንበር አለው፤ ለማሸነፍ 76 ድምፅ ይፈለጋል። «የሕዝቡ አምስት» ሙሉ በሙሉ ቢያብሩ 71 ይጎድላቸዋል። ያ 71 የሚገኘው ከገጠሩ ነጭ፣ ከከብት አርቢው፣ ከነጋዴው ጠረጴዛ ነው። በጩኸት ብቻ አንድም ሕግ አያልፍም። ሌላንድ በእስር ቤቶች አያያዝ ላይ የተቋቋመው የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ኮሚቴ ምክትል ሰብሳቢ ሆኖ ሠርቷል፤ እንደሌሎቹ እንደራሴዎች ሁሉ በ1974 በተካሄደው የሕገ መንግሥት ጉባኤም ተቀምጧል። ያ ጉባኤ ወራት ፈጅቶ፣ 181 ሰው ተከራክሮበት፣ በመጨረሻ በሦስት ድምፅ ጉድለት ወደቀ። ሦስት! ድምፅ መቁጠርን እንዲህ ካለ ቀን በላይ የሚያስተምር የለም። ስፓኒሽም ይናገር ነበር፤ በኋላ ኮንግረስ ከገባ ወዲህ የምርጫ ወረቀት በስፓኒሽም ይታተም ሲባል አዳራሹ ውስጥ ተነስቶ በስፓኒሽ ተከራክሯል።

«ባርባራ ጆርዳን ወንበሯን አወረሰችው»

ጆርዳን ከ1973 ጀምሮ የያዘችውን የኮንግረስ ወንበር በ1978 እንደማትቀጥልበት ስታሳውቅ ዴሞክራቶቹ ተሻሙበት። ሌላንድ ሁለተኛ ዙር ድረስ ተወዳድሮ ነው ያገኘው፤ የተወዳደረው ደግሞ ከአምስቱ አንዱ ከሆነው ከአንተኒ ሆል ጋር ነበር። እንደ ወንድም አብረው የገቡ ሰዎች ለአንድ ወንበር ሲፋጠጡ ማየት ደስ አይልም፤ ምርጫ ግን ይኸው ነው።

«ስለ ረሃብ ማሰብ የጀመረው በኛ የ77ቱ ድርቅ ነው»

ይህን ከኛ ሰው ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ቢቢሲ የኮረምን ሰቆቃ ለዓለም ያሳየው ጥቅምት 23 ቀን 1984 ነው፤ በኛ ጥቅምት 13 ቀን 1977። ሌላንድ ከሪፐብሊካኑ ቤንጃሚን ጊልማን ጋር ሆኖ የገፋበትና በሰብሳቢነት የመራው የኮንግረሱ የረሃብ ኮሚቴ ግን የተቋቋመው በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ነው፤ ፊልሙ ከመታየቱ ስምንት ወር ቀድሞ። ኮሚቴው ሕግ የማርቀቅ ሥልጣን አልነበረውም። የሚችለው ማጣራት፣ ምስክር መጥራትና ሌሎቹን መወትወት ነበር። ሲቋቋምም አሜሪካ ውስጥ ጾማቸውን የሚያድሩትን ሰዎች ጭምር እንዲመለከት ነው። የበር ለበሩ ፋርማሲስት እዚህም አለ።

የኛ ጉዳይ ሲመጣ ታዲያ ቤቱ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። በ1985 ለአፍሪካ ረሃብ ወደ 800 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የምግብና የሰብአዊ እርዳታ ሲፈቀድ ከፊት ሆነው ከገፉት አንዱ እሱ ነው። ዋሽንግተንና ደርግ በማይተያዩበት ሰዓት አዲስ አበባ መመላለሱ፣ ከማርክሲስት መንግሥታት ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገሩ በአገሩ ያስወቅሰው ነበር።

«ለተራቡ ኢትዮጵያውያን እህል ሲያደርስ ሞተ»

የመጨረሻው ጉዞው ለኛ ረሃብተኞች አልነበረም። ሰኞ ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ጠዋት ከአዲስ አበባ የተነሳው ጋምቤላ ውስጥ ወዳለው የፉኝዶ ካምፕ ነው። ካምፑ የደቡብ ሱዳንን ጦርነት ሸሽተው የመጡ ስደተኞች ያሉበት ነበር፤ ብዙዎቹ ወላጅ ያልተከተላቸው፣ በእግራቸው በረሃ አቋርጠው የደረሱ ወንዶች ልጆች ናቸው። እኛ ራሳችን ችግረኞች ሆነን ሳለን የሌላውን ልጆች ያስጠለልንበትን ያንን ታሪክ፣ እሱን ወደ እህል ጫኝ ስንቀይረው አብረን እንረሳዋለን።

«አውሮፕላኑ ተመትቶ ነው»

ያን ጊዜ ጦርነት ስለነበር ወሬው መነሳቱ አይደንቅም። የሚደግፈው ማስረጃ ግን አላየሁም። የተሳፈሩበት ባለሁለት ሞተር ትንሽ አውሮፕላን፣ ትዊን ኦተር፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ነበር። ወቅቱ ክረምት ነው፤ የምዕራቡን ተራሮች በነሐሴ የሚያውቅ ደመናው ምን እንደሚመስል አይነገረውም። አውሮፕላኑ ተራራ ላይ ተጋጭቶ ሌላንድና አብረውት የነበሩት 15 አሜሪካውያንና ኢትዮጵያውያን በሙሉ አለቁ። ሁለቱ መንግሥታት የነበራቸውን ኩርፊያ ወደ ጎን አድርገው የአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላኖች ሳይቀሩ ፍለጋው ውስጥ ገቡ፤ ስብርባሪው የተገኘው ከስድስት ቀን በኋላ፣ እሑድ ነው። የሰፈር ሰው ሚኪን ብቻ ሲያነሳ የሚከፋኝ አብረው የሞቱት ኢትዮጵያውያን ስማቸው እንኳ ስለማይነሳ ነው።

ዕድሜው 44 ነበር። የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ ነበረው፤ ባለቤቱ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነበረች። መንታ ወንዶች ልጆቿን የተገላገለችው በጥር 1990፣ ከሞቱ አምስት ወር በኋላ ነው።

«ከእሱ ጋር ሁሉም ነገር አበቃ»

በወንበሩ ላይ በታኅሣሥ 1989 ማሟያ ምርጫ ተደረገ። የተፎካከሩት ክሬግ ዋሽንግተንና አንተኒ ሆል፣ ሁለቱም ከ«የሕዝቡ አምስት» ናቸው፤ ያሸነፈው ዋሽንግተን ነው። ሆል ለዚያች አንድ ወንበር ሁለቴ ተወዳድሮ ሁለቴም የተሸነፈው በገዛ ጓደኞቹ ነው ማለት ነው። ሰንፍሮኒያ ቶምሰን ግን ዋሽንግተንን አልተመኘችም፤ በ1973 ከሚኪ ጋር የገባችበት የኦስቲን አዳራሽ ውስጥ በ2025ቱም ጉባኤ ወንበሯ ላይ ነበረች። ደሞዟም ያው ነው፦ በወር 600 ዶላር።